ቪዲዮው ሁለቱን ንግግሮች ያሳያል፤ ከመሃል የወጣውስ?

ጥያቄው፦ «ልመርጣቸው የወሰንኩትን እጩ የሚያሳይ የ23 ሰከንድ ቪዲዮ በቤተሰብ ግሩፓችን ደረሰኝ። መጀመሪያ ላይ ከዓመታት በፊት “አዲሱን ግብር አልደግፍም” ሲሉ ይታያል። ቀጥሎ በዘንድሮው ቅስቀሳ “ግብሩ ያስፈልገናል” ይላሉ። አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ወንድሜ “ቪዲዮ አይዋሽም፤ የሚዋሹት ሰውየው ናቸው” ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሐሳቡን መቀየር አይችልም ወይ እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል? እንዲህ ያለውን ቪዲዮ እንዴት ልመዝነው?»

ምላሽ፦

ቪዲዮውን አብረው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ብቻ ቢልኩልኝ መልሴ ጠቅለል ያለ ይሆን ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም አንድ ነገር እያየን ነው የምናወራው። እኔም እንደ እርስዎ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። የእጩዎችን ቅንጭብ ንግግር ከሙሉ ቅጂው ጋር ማመሳከር የዓመታት ሥራዬ ነው። ሁልጊዜም በጆሮ እጀምራለሁ።

የመጀመሪያው ክፍል «አዲሱን ግብር አልደግፍም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ልብ ብለው ይስሙት። ከ«አዲሱን» በፊት ትንፋሽ የለም። ሰው ንግግር ሲጀምር አየር ይስባል፤ ድምፁም ከፍ ብሎ ይነሳል። እዚህ ግን ድምፁ እየወረደ ነው የሚገባው። እጩው ሐሳባቸውን እየቋጩ ናቸው እንጂ እየጀመሩ አይደለም። ከዚያ በፊት ያሉት ነገር አለ። ምን እንዳሉ ቪዲዮው አይነግረንም።

ይህ ነገር በቋንቋችን ይበልጥ ያሳስበኛል። በአማርኛ ማሰሪያ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ከሆነ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «እስኪሆን ድረስ» የሚባለው ሁሉ ከፊት ይቀመጣል። ለምሳሌ «ደሃውን የሚጎዳ ከሆነ አዲሱን ግብር አልደግፍም» የሚለውን እንውሰድ። ከፊቱ ሦስት ቃል ቢቆርጡለት ምንም ያልጎደለው የሚመስል ንግግር ይቀራል። ሰዋስዉ አይፈርስም። ጆሮም አይቆረቁርም። በእንግሊዝኛ ቅድመ ሁኔታው ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚመጣ ቆራጩ ጭራውን ይጥላል። በአማርኛ ግን የሚጣለው ጭንቅላቱ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ቅንጭብ ሲደርስዎ መጀመሪያውን ይጠርጥሩ።

እጩው «ከሆነ» ብለዋል እያልኩ አይደለም። ምናልባት ምንም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጡም ይሆናል። የምለው በ23 ሰከንዱ ውስጥ ይህን ማወቅ አይቻልም ነው።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። ግማሽ እውነት አለው። ምስሉ የተፈበረከ አይመስልም፤ ቃሎቹም የእጩው ናቸው። ግን ቪዲዮ ብቻውን አይናገርም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከሰዓታት ንግግር ውስጥ 23 ሰከንድ መርጧል። የትኛው ይቅደም፣ የት ይቆረጥ የሚለውን የወሰነው ያ ሰው ነው። ወንድምዎ እጩውን ሲጠይቅ ያንን ሰውም መጠየቅ አለበት።

ሁለት ንግግር ጎን ለጎን አቀናብሮ የማሰራጨት ዘዴው ከዩቲዩብ ይቀድማል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1987 ጆ ባይደን የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩ ለመሆን ይወዳደሩ ነበር። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ መሪ ኒል ኪኖክ ልብ የሚነካ ንግግር አድርገው ነበር። በሺህ ትውልድ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የበቃሁ የመጀመሪያው ኪኖክ እኔ የሆንኩት ለምንድን ነው ብለው ነበር የጠየቁት። ባይደን በኦገስት ወር አዮዋ ውስጥ በተደረገ ክርክር ያንኑ ጥያቄ ስለ ራሳቸው ቤተሰብ አድርገው አቀረቡት። የኪኖክን ስም አልጠሩም። የተፎካካሪያቸው የማይክል ዱካኪስ ዘመቻ ሰዎች ሁለቱን ንግግሮች በአንድ ካሴት አቀናብረው ለጋዜጠኞች ሰጡ።

በካሴቱ ላይ አንድም የውሸት ምስል አልነበረም። ግን የጎደለ ነገር ነበር። ባይደን በሌሎች መድረኮች ያንን ንግግር ሲጠቀሙ የኪኖክን ስም ይጠሩ ነበር። ለጋዜጠኞች የተሰጠው ካሴት ግን ያንን አያሳይም ነበር። ቀጥሎ ከሕግ ተማሪነት ዘመናቸው የመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ ተጨመረና ሴፕቴምበር 23 ቀን ከውድድሩ ወጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ያቆማል። ለእኔ ግን ቀጣዩ ሳምንት ይበልጥብኛል። ካሴቱ ከዱካኪስ ዘመቻ መውጣቱ ሲታወቅ የዘመቻቸው ሥራ አስኪያጅ ጆን ሳሶ ሥራቸውን ለቀቁ። ያኔ ካሴቱን ማን ሠራው የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ዜና ነበር። ዛሬ በግሩፓችን የገባውን ቪዲዮ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? «ፎርዋርድ የተደረገ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የምናየው።

ዩቲዩብ በ2005 ሲመጣ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው ፍጥነቱ ነው። በ2006 የቨርጂኒያው ሴናተር ጆርጅ አለን የተፎካካሪያቸውን ዘመቻ ወክሎ በካሜራ ይከታተላቸው የነበረን ወጣት በሕዝብ ፊት «ማካካ» ብለው ጠሩት። የዝንጀሮ ዘር ስም ነው፤ እንደ ዘረኛ ስድብ ተቆጠረባቸው። ቪዲዮው አገር አዳረሰ። ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ከ10,000 ባነሰ ድምፅ ተሸነፉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሽንፈቱ በቪዲዮው ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ግን በጠባብ ልዩነት ሲሸነፉ እያንዳንዷ ነገር ትከብዳለች።

ሁለተኛው ለውጥ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። የድሮ ንግግር እንደ ድሮው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ አይቀርም። በጃንዋሪ 2007 ሚት ሮምኒ ለፕሬዚዳንትነት መዘጋጀት ሲጀምሩ አንድ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። በ1994 ከሴናተር ቴድ ኬኔዲ ጋር ያደረጉት ክርክር ነው። በዚያ ክርክር ፅንስ ማቋረጥ በሕግ የተፈቀደ መሆን አለበት ብለው ነበር። በ2007 ደግሞ ተቃራኒውን ይዘው ነው የቀረቡት። በመሃል ከ12 ዓመት በላይ አለ። ቪዲዮው ላይ ግን ትናንት የተባለ ይመስላል።

የሮምኒ ምላሽ እስካሁን አስተማሪ ነው። ዝም አላሉም። ወዲያው ወደ አንድ የኢንተርኔት የድምፅ ፕሮግራም ደውለው ያኔ በአንዳንድ ጉዳዮች ተሳስቼ ነበር፣ ይህን ለማመን አላፍርም አሉ። ለውጡን ያመነበት ሁሉ አይደለም፤ «ለመመረጥ ብለው ነው» ያለ ብዙ ነበር። ግን ቢያንስ መራጩ የሚከራከርበትን ነገር ሰጡት።

ለመሆኑ እጩዎች ይህን ያህል የሚጋጭ ነገር የሚናገሩት ለምንድን ነው? ሁሉም ውሸታም ስለሆኑ አይመስለኝም። አንዱ ምክንያት የሚያነጋግሯቸው ሰዎች መለያየታቸው ነው። እጩ መጀመሪያ የራሱን ፓርቲ ሰዎች ማሳመን አለበት፤ እነሱ ጠንከር ያለ አቋም ይፈልጋሉ። ቀጥሎ መላውን ሕዝብ ማሳመን አለበት፤ እዚያ ደግሞ ለስለስ ያለ ነገር ነው የሚፈለገው። ድሮ አንዱ ጋ የተባለው ሌላው ጋ አይደርስም ነበር። አሁን ሁለቱም አዳራሽ አንድ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ሌላው ምክንያት የሕግ አወጣጥ ራሱ ውስብስብ መሆኑ ነው። በ2004 ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ጋር የተወዳደሩትን የሴናተር ጆን ኬሪን ነገር ልንገርዎ፤ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ናት። በ2003 የአሜሪካ ምክር ቤት ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት 87 ቢሊዮን ዶላር ለመመደብ ይከራከር ነበር። ኬሪ ገንዘቡ ለሀብታሞች ከተደረገው የግብር ቅናሽ ተቀንሶ ይምጣ የሚለውን ማሻሻያ ደገፉ። ማሻሻያው ወደቀ። የመጨረሻው ረቂቅ ሲመጣ ተቃወሙት። እስከዚህ ድረስ የሚገባ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ይውጣ፣ ግን በብድር አይሁን ነው ነገሩ። በማርች 2004 ግን ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቀው «87 ቢሊዮኑን ከመቃወሜ በፊት ደግፌው ነበር» ብለው መለሱ።

ተቃዋሚ ቁጭ ብሎ ቢጽፍላቸው ኖሮ ከዚህ የተሻለ አይጽፍም ነበር። የቡሽ ዘመቻ ወዲያው ማስታወቂያ አደረገው። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ማንም ምንም አልቆረጠም። ቅራኔውን በአንድ ትንፋሽ ውስጥ የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ማሻሻያው ምን ነበር የሚለውን ለማስረዳት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። ያቺን ንግግር ለመስማት ግን አምስት ሰከንድ በቂ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ እጩ ስለ አንድ ሕግ «ደግፏል» ወይም «ተቃውሟል» ሲባል የመጀመሪያ ጥያቄዬ የትኛውን ረቂቅ፣ በየትኛው ዙር የሚል ሆኗል።

አንዳንዴ ደግሞ ቪዲዮው ሥራውን በንጽሕና ይሠራል። በማርች 2008 ሂላሪ ክሊንተን በ1996 ቦስኒያ ሲያርፉ አልሞ ተኳሾች እየተኮሱባቸው እንደነበር ተናገሩ። የታሰበው የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ቀርቶ አንገታቸውን ደፍተው ወደ መኪና እንደሮጡም ጨመሩ። የሲቢኤስ ቴሌቪዥን የዚያን ቀን ፊልም ነበረው። ከልጃቸው ከቼልሲ ጋር ሆነው በአስፋልቱ ላይ ተረጋግተው ይሄዳሉ። ሰላምታ ይሰጣሉ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ግጥም ታነብላቸዋለች። የሚሮጥ ሰው የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። «የተሳሳተ ነገር ተናግሬያለሁ» ብለው አመኑ። እዚህ ላይ ሙሉው ፊልም ሲታይ ቅራኔው አልቀለለም፤ እንዲያውም ጠነከረ። ለእኔ ጥሩው መለኪያ ይህ ነው። ሙሉውን ሲያዩት የሚጠነክር ቅንጭብ እውነተኛ ነው። ሙሉውን ሲያዩት የሚቀልጥ ከሆነ ግን እርስዎን ለማታለል ነው የተሠራው።

የሚቀልጠው ምን ይመስላል? በ2011 ኖቬምበር የሮምኒ ዘመቻ ባራክ ኦባማን የሚያሰማ ማስታወቂያ አወጣ። «ስለ ኢኮኖሚው ማውራት ከቀጠልን እንሸነፋለን» ይላሉ ኦባማ። ድምፁ የራሳቸው ነው፤ የተናገሩትም በ2008 ነው። ሙሉው ግን እንዲህ ነበር፦ የተፎካካሪዬ የማኬይን ዘመቻ እንዲህ ብሏል፣ ቃል በቃል ልጥቀስ ብለው ነው የጀመሩት። የሌላ ሰው ቃል እየጠቀሱ ነበር። መጥቀሻዋ ተቆረጠችና ቃሉ የእሳቸው ሆነ። ሁለት ወር ሳይሞላ በጃንዋሪ 2012 ሮምኒ ራሳቸው ተረኛ ሆኑ። ስለ ጤና መድን ሲናገሩ አገልግሎት የሚሰጡኝን ሰዎች ማባረር መቻል ደስ ይለኛል አሉ፤ ጥሩ የማይሠራን መድን ድርጅት ትቶ ሌላ መምረጥ ማለታቸው ነው። ሲዞር የዋለው ግን «ሰው ማባረር መቻል ደስ ይለኛል» የሚለው ብቻ ነው።

በማርች 2020 ደግሞ ባይደን ካንሳስ ሲቲ ላይ ሲናገሩ የሚያሳይ ቅንጭብ ወጣ። «ዶናልድ ትራምፕን ብቻ ነው ዳግም ልንመርጥ የምንችለው» ብለው ያቆማሉ። በሙሉው ንግግር ወዲያው የሚቀጥለው እርስ በርስ መተኳኮስ ውስጥ ከገባን የሚል ነው። ይኸው፣ የእንግሊዝኛው ጭራ ተጣለ ያልኩዎት። ትዊተር «የተቀነባበረ ይዘት» የሚል ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ የለጠፈው በዚህ ቪዲዮ ላይ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ። እርስዎ ቤትዎ ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት ነው።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ክፍል ቀን ይፈልጉ። በላኩልኝ ቪዲዮ ላይ በሁለቱም ክፍሎች ቀን የለም። ይህ በራሱ አንድ ነገር ይነግርዎታል። ሰው ቅራኔ አገኘሁ ካለ ቀኑን ቢጽፍ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ቪዲዮውን አቁመው ስክሪንሾት ያንሱና በጉግል የምስል ፍለጋ ያስገቡት። ከጀርባቸው ያለው ባነር፣ ጥግ ላይ ያለው የጣቢያ አርማ፣ የማይክሮፎኑ ምልክት፣ ሁሉም ፍንጭ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በመድረኩ ላይ የነበረን የአበባ ማስቀመጫ ተከትዬ ነው ሙሉውን ንግግር ያገኘሁት። ያው ማስቀመጫ በሌላ ተናጋሪ ፊት፣ በዚያው ዕለት፣ ሌላ ቪዲዮ ላይ ነበር።

ሙሉውን ካገኙ ቅንጭቡ ያለበትን ቦታ ብቻ አይተው አይውጡ። አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለሱ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄው ምን ነበር? ብዙ ጊዜ ሁለት የሚጋጩ መልሶች የሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ሆነው አገኛቸዋለሁ። «ግብር ይጨመር ወይ?» እና «ሀብታሞች ላይ ግብር ይጨመር ወይ?» አንድ አይደሉም። ቅንጭብ የሚሠራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያወጣው የጠያቂውን ድምፅ ነው።

መገጣጠሚያውን በዓይንም ይፈልጉ። ተናጋሪው እያወሩ ጭንቅላታቸው ድንገት ዘለል ካለ እዚያ ላይ ተቆርጧል። ንግግሩ ሳይቋረጥ ምስሉ ወደ ሕዝቡ ከዞረና ከተመለሰ ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ፤ መቁረጫውን መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ዜና ሠሪዎችም ለጊዜ ብለው ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሙዚቃውንም ልብ ይበሉ። በእርስዎ ቪዲዮ ላይ ከሥር የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ። ሙዚቃ የሚገባው ስሜት ለመቀስቀስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አዳራሽ የራሱ ድምፅ አለው፤ ማራገቢያው፣ የሰው ሳሉ፣ ማሚቶው። ንግግር ሲቆረጥ ያ ድምፅ ይሰበራል፤ ጆሮ ይሰማዋል። ሙዚቃ ሲደረብበት ግን ስብራቱ ይጠፋል።

ፍጥነቱንም አይርሱ። በሜይ 2019 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ የሰከሩ የሚያስመስል ቪዲዮ ሚሊዮኖች አዩት። ፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ ገደማ ከመውረዱ በቀር ሌላ ተአምር አልተሠራበትም። ለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያስፈልግም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተነሳ ላይቀር፣ በሴፕቴምበር 2023 ስሎቫኪያ ምርጫ ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው የፕሮግረሲቭ ስሎቫኪያ ፓርቲ መሪ ሚሃል ሺሜችካ ስለ ምርጫ ማጭበርበር ሲያወሩ የሚያስመስል የተፈበረከ ድምፅ ተሰራጨ። ወቅቱ ቅስቀሳ በሕግ የተከለከለበት የመጨረሻው ሰዓት ስለነበር መልስ መስጠት ራሱ ከባድ ነበር። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በኒው ሃምፕሻየር የባይደንን ድምፅ በሚያስመስል የስልክ ጥሪ መራጮች ድምፅ እንዳይሰጡ ተነገራቸው። የጥሪው ጠንሳሽ የሆነ የዘመቻ አማካሪ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። አደጋው እውነተኛ ነው። የእርስዎ ቪዲዮ ግን የዚህ ዓይነት ምልክት የለበትም። በሥራዬ የሚገጥመኝም አብዛኛው እንዲህ ነው፤ እውነተኛ ምስል፣ ክፉ አቆራረጥ።

ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላው ጫፍ ነው። እጩዎች እውነተኛውን «የተፈበረከ ነው» ማለት ተምረዋል። በኦገስት 2024 ዶናልድ ትራምፕ ካማላ ሃሪስን ዲትሮይት ላይ የተቀበለው ሕዝብ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው ብለው ነበር። ሕዝቡ ግን በቦታው ነበር፤ ብዙ ካሜራ ቀርጾታል። ስለዚህ እጩዎ ስለዚህ ቪዲዮ «ፎርጅድ ነው» ብለው ካለፉ አይቀበሏቸው። ቪዲዮው ምን እንደጎደለው ማሳየት የእሳቸው ድርሻ ነው።

ሙሉውን አግኝተው፣ ጥያቄውን ሰምተው፣ ቅራኔው እውነተኛ ሆኖ ቢያገኙትስ? እዚህ ጋ ነው የእርስዎ ጥያቄ የሚመጣው። ሰው ሐሳቡን መቀየር ይችላል። መቀየር ያለበትም ጊዜ አለ። ጆርጅ ቡሽ አባትየው በኦገስት 1988 «ከንፈሬን አንብቡ፤ አዲስ ግብር የለም» አሉ። በ1990 የበጀት ጉድለቱ ሲከብድ ከምክር ቤቱ ጋር ተስማምተው ግብር ጨመሩ። በ1992 ያቺ ንግግር ተመልሳ ማስታወቂያ ላይ መጣችባቸው፣ ተሸነፉም። ውሳኔው ለአገሪቱ በጀት ጠቃሚ ነበር የሚሉ ኢኮኖሚስቶች ብዙ ናቸው። ጥፋቱ ግብሩ ላይ ነው ወይስ መጠበቅ የማይቻል ቃል መግባቱ ላይ? እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

የእጩዎችን ንግግር የሚያጣራው ፖለቲፋክት የተባለው ድርጅት ለዚህ የተለየ መለኪያ አለው። እጩው ምንም አልተቀየረም፣ በከፊል ተቀይሯል፣ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል ብሎ በሦስት ይከፍላል። የምወድለት ነገር አለ፤ መቀየሩ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይፈርድም። ያንን ለመራጩ ይተዋል።

የእኔን ፍርድ ከፈለጉ ግን እነግርዎታለሁ። ለእኔ ከመቀየር ይልቅ መካድ ይከብዳል። ትራምፕ በ2016 ዘመቻ የኢራቅን ጦርነት ከመነሻው ተቃውሜ ነበር ይሉ ነበር። የ2002 የሬዲዮ ቃለ ምልልሳቸው ወጣ። ወረራውን ትደግፋለህ ወይ ተብለው «አዎ፣ ይመስለኛል» ብለው መልሰዋል። በ2002 ያንን ማለታቸው ብቻውን ብዙም አይደንቀኝም፤ ያኔ ብዙ ሰው ይል ነበር። የሚከብደኝ አላልኩም ማለታቸው ነው። የሃሪስ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ድንጋይ በውሃ ግፊት እየሰነጠቁ ነዳጅና ጋዝ ማውጣትን እንደሚያግዱ በ2019 ተናግረው ነበር። በኦገስት 2024 እንደማያግዱ ገለጹ። ሲጠየቁ «እሴቶቼ አልተቀየሩም» አሉ። አልካዱም ማለት ይቻላል። ግን ምን አይተው እንደተቀየሩ በደንብ አላስረዱም። እኔ ይህን በመሃል አስቀምጠዋለሁ፤ እርስዎ ሌላ ቦታ ሊያስቀምጡት ይችላሉ።

ለውጡ ምን እንዳስከፈላቸውም ይዩ። ደጋፊያቸውን እያስቀየመ የተቀየረ ሰውና ጭብጨባ ወዳለበት የዞረ ሰው እኩል አይደሉም። ጊዜውም ይናገራል። ከምርጫው ሁለት ዓመት በፊት የመጣ ለውጥ እና የድምፅ መስጫው ሳምንት የመጣ ለውጥ አንድ ዓይነት እምነት አያሳድርብኝም።

ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት ግን ይህን ይወቁ። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን አጥንቶ ነበር። ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ በሰዎች ተመልሶ የመጋራት ዕድሉ 70 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬ ልከውት ነገ «ይቅርታ፣ ተቆርጦ ነበር» ቢሉ ይቅርታዎ ቪዲዮው የደረሰበት ሁሉ አይደርስም። ወንድምዎ ቀድሞ ልኮት ከሆነ አይጣሉት። «የመጀመሪያው ክፍል ከየት ነው? ሊንኩን ላክልኝ» ይበሉት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሊንክ ካለው አብራችሁ እዩት። ከሌለው እሱም የሚያውቀው 23 ሰከንዱን ብቻ ነው።

እኔ እስካሁን የሁለተኛውን ክፍል ሙሉ ንግግር አግኝቻለሁ፤ ሊንኩን ለብቻው ልኬልዎታለሁ። ያ ክፍል አልተቆረጠም፤ እጩው ግብሩ ያስፈልጋል ያሉት በግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ግን አላገኘሁትም። ያቺ ትንፋሽ የሌላት መግቢያ አሁንም ጥያቄ ሆና ትቆየን። እስከዚያ እጩው በአካባቢዎ መድረክ ሲያዘጋጁ ይሂዱና እጅዎን ያውጡ። «ውሸታም ነዎት» ብለው አይጀምሩ፤ ይቆጣሉ፣ መልስም አያገኙም። እንዲህ ይጠይቋቸው፦ «ከዓመታት በፊት ይህን ግብር አልደግፍም ሲሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ምን ብለው ነበር? ከዚያ ወዲህስ ምን ተለወጠ?» ስልክዎንም ከፍተው ይቅረጹ። ከጥያቄዎ ጀምሮ፣ ሳይቆርጡ።